ስለ እቴጌ ምንትዋብ የትውልድ ቈጠራ የቀረበ ሒስ

ባሏ የሞተባት ሴት የዘር ሐረግ ሲመረመር ጸሐፊዎች ሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ከማን እንደ ተወለደች ነው፤ ከእርስዋ ማን ምን እንደ ወረሰ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ይህ ጕድለት ከሁሉ ይልቅ ጐልቶ የሚታየው በእቴጌ ምንትዋብ ታሪክ ላይ ነው። አፄ በካፋ በ1730 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ባረፉ ጊዜ ልጃቸው ዳግማዊ ኢያሱ ገና ሕፃን ስለ ነበረ፥ መበለቲቱ ዘውድ ደፍተው ከልጃቸው ጋር መንግሥቱን ያዙ። ከቋራ የመጣች ሴት ዘውድ ስትጭን «ዘሯ ከማን ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም።

ለዚህ ጥያቄ ሁለት መልስ በጽሑፍ ተላልፎልናል። ኢኛሲዮ ጉዊዲ ያሳተመው የኢያሱና የኢዮአስ ዜና መዋዕል የእቴጌዪቱን ትውልድ ወደ አፄ ሚናስ ያደርሰዋል። በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ ደግሞ ቤተ ሰባቸው ከፖርቱጋሎች ዘር እንዳለበት ጽፏል። ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፤ በ1541 ከክሪስቶፎ ዳ ጋማ ጋር ከመጡት ወታደሮች የተረፉት በአገራችን አግብተው ወልደው ቀርተዋልና። ነገር ግን የአንድ ሐረግ እውነት መሆንና ሐረጉ የተነገረበት ምክንያት ለየብቻ ሊመረመሩ ይገባል። የዜና መዋዕሉ ጸሐፊ ሚናስን የፈለገው ለዘውዱ ምክንያት ስለሚያስፈልገው ነው። ብሩስ ደግሞ በቍስቋም ቤተ መንግሥት በእንግድነት የተቀበሉትን ሰዎች ከአውሮፓ ጋር የሚያዛምድለት ነገር ሲያገኝ አልጠላም። ይኸው ሰው በ1770 መጨረሻ እስከ ግሽ ዓባይ ድረስ ወጥቶ የወንዙን ምንጭ በደስታ አይቷል፤ የእቴጌዪቱንም ምንጭ እንዲሁ ፈለገ። ከምንጩ በታች ውሃው የትኛውን አገር እንዳጠጣ መጠየቅ ግን ለሌላ ሰው የተተወ ሥራ ሆነ።

ይህን የተተወ ሥራ ለመጀመር ወደ ጎጃም መሻገር ያስፈልጋል። እቴጌዪቱ ከንጉሡ ሞት በኋላ ምልምል ኢያሱ ከተባለው የሟቹ ባላቸው ዘመድ ሦስት ሴቶች ልጆች ወልደዋል፤ እነርሱም ወይዘሮ አስቴር፥ ወይዘሮ ወለተ እስራኤልና ወይዘሮ አልጣሽ ናቸው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል እንደ ቤት ውስጥ ወሬ አይተው ቶሎ ያልፉታል። ከንጉሡ የተወለደው ወንድ ልጅ በ1755 ሞተ፤ የልጅ ልጃቸው ኢዮአስም በ1769 ተገደለና ሥልጣኑ ከቤታቸው ወጣ። ቤታቸው ጸንቶ የቆየው ግን ከመበለትነት በኋላ በተወለዱት ሴቶች ልጆች በኩል ነው። ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የጎጃሙን ደጃዝማች ዮሴዴቅን አግብተው ራስ ኃይሉን ወለዱ፤ ሞጣ ጊዮርጊስንም ደበሩ። የጎጃም መሳፍንት ቤት ከዚህ ይነሣል። ከራስ ኃይሉም ሐረጉ እንደ ገና በሴት ልጅ በኩል ይሻገርና ወደ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ፥ ከጎሹም ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ይደርሳል። እንግዲህ «ኃይሉ ዮሴዴቅ» እያልን የምንጠራው መስፍን በስሙ የሚሸከመው አባቱን ነው፤ ከጎንደር ቤት ጋር የሚያገናኘው ክብር ግን የመጣለት ከእናቱና ከአያቱ ነው። ስሙ ብቻ ለሚታየው መርማሪ እናቲቱ ፈጽማ አትታይም።

ይህ የስም ልማድ የጎጃምን ሰው አላሳሳተውም። አለን ሆበን በ1961 እና በ1962 በዳሞት ተቀምጦ ያጠናውንና በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመውን የርስት ሥርዐት የተመለከተ ሰው እንደሚያውቀው፥ ባለርስት ነኝ የሚል ሁሉ ሐረጉን ወደ ዋናው አባት የሚያደርሰው በወንድም በሴትም በኩል ቈጥሮ ነበር። ከገበዝ ማርያም እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ባለው አገር ገበሬው አራት አያቶቹን ሁሉ የሚያውቀው ለምሥጋና ብቻ አልነበረም፤ በዳኛ ፊት ሲቆም «በማን በኩል?» ተብሎ ስለሚጠየቅ ነው። የሴት ስም የረሳ ሰው መሬት ያጣ ነበር። በ1975 የወጣው የመሬት ዐዋጅ ይህን ርስት ሲያስቀር ስሞቹን ለማስታወስ የነበረው ምክንያትም አብሮ ላላ።

የሆበን ጥናት ከዚህ ሌላ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። የተቈጠረ ሐረግ ሁሉ የይገባኛል ክርክር ነው፤ ተሟጋቹ የሚጠቅመውን አያት ያስታውሳል፥ የማይጠቅመውን ይተዋል። ይህን ያወቀ ሰው የዜና መዋዕሉን ሚናስና የብሩስን ፖርቱጋል በዚያው ሚዛን ይመዝናቸዋል። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጻፉትን የጎጃም ትውልድም ቢሆን እንዲሁ ነው። አለቃ ያደጉት በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ስለ ነበረ፥ ሥራቸው ለጎጃም ታሪክ የማይተካ ቢሆንም፥ የትኛው ሐረግ ረዝሞ የትኛው እንዳጠረ ሳይጠየቅ ሊጠቀስ አይገባም። ግርማ ጌታሁን በ2014 ያሳተመው የጎጃም ታሪካቸው ለዚህ ምርመራ መንገድ ጠርጓል።

ከአፍ ቈጠራ የተሻለ ምስክር የሚገኘው በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ኅዳግ ላይ በተጻፉት የጉልት፥ የሽያጭና የውርስ ቃሎች ነው። ዶናልድ ክራሚ በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ በነዚህ ጽሑፎች ሴቶች ሲሰጡ፥ ሲገዙ፥ ሲያወርሱ በየስማቸው ይታያሉ። እዚያ መበለቲቱ የማን ልጅ እንደ ሆነች ብቻ ሳይሆን ምን እንደ ነበራትና ለማን እንደ ተወች ይነበባል። የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ ሰብ የሚከታተል ተማሪ ቋራንና ሚናስን ለጊዜው ትቶ፥ ከሦስቱ ሴቶች ልጆች ተነሥቶ ወደ ታች ይቍጠር። የሞጣውን ከያዘ በኋላ የአስቴርንና የአልጣሽን ይጨምር፤ እስከ ዛሬ ከሁሉ ያነሰ የተጻፈው ስለ አልጣሽ ነው።