«ፍጥነት» የሚለው ቃል ስለሚሸከመው ከመጠን ያለፈ ጭነት
(በቪፒኤን የጥገና መመሪያዎች የአማርኛ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት)

1. መነሻ

የልብ ወለድ ተርጓሚ አንድ ቃል ቢስት አንባቢው ቅር ይለዋል፤ የጥገና መመሪያ ተርጓሚ ቃል ቢስት ግን አንባቢው ያልተበላሸውን ነገር ይፈታል። የሙያ ቃላት ስሕተት ከሌላው የትርጉም ስሕተት የሚለየው በዚህ ነው። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን ቪፒኤን በሚባለው አሠራር ሲገለገሉ ግንኙነቱ የሚጎተትባቸውን ሰዎች ለመርዳት በአማርኛ የተሰናዱ መመሪያዎችን ስንመለከት ያገኘነው አንድ ተደጋጋሚ ጉድለት ነው። ይኸውም የተለያየ ምክንያትና የተለያየ መፍትሔ ያላቸው ቢያንስ አራት ነገሮች «ፍጥነት ቀነሰ» በሚለው አንድ ሐረግ ውስጥ ታጭቀው መቅረባቸው ነው።

ቪፒኤን ማለት ለሁሉ ክፍት በሆነው ኢንተርኔት ላይ በሁለት ጫፎች መካከል የተመሰጠረ መተላለፊያ የሚዘረጋ ሥርዓት ነው። ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ከዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ጋር፣ በቤቱ የሚሠራ ተርጓሚ ከውጭ አሠሪው የሰነድ ቋት ጋር፣ ተመራማሪ ከተቋሙ የመረጃ ማከማቻ ጋር የሚገናኘው ብዙ ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። በመሆኑም ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም። የግብርና ምርምር ማዕከል በሚገኝባት በአዴት ከተማ ተቀምጦ የሰብል መረጃ ወደ ሩቅ ቋት የሚልክ ባለሙያ ሊያጋጥመው የሚችል ጉዳይ ነው። ይህ ባለሙያ ግንኙነቱ ሲጎተትበት መመሪያውን ቢከፍት «ፍጥነቱ ከቀነሰ ከፍ ያለ ጥቅል ይግዙ፣ ወይም አገልጋዩን ይቀይሩ» የሚል ዓይነት ምክር ያገኛል። የትኛው ፍጥነት? ጥያቄያችን ይህ ነው።

2. የቦዩ ስፋትና የውሃው መድረሻ

ነገሩን በቅርብ ምሳሌ እንመልከት። ከአዴት ብዙም በማይርቀው በመራዊ አካባቢ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የተሠራው የቆጋ መስኖ አለ። ውሃ ያነሰው ገበሬ እንደ ሁኔታው የተለያየ ነገር ሊናገር ይችላል፦ ቦዩ ጠባብ ነው፤ በሩ ተከፍቷል ግን ውሃው ገና መንገድ ላይ ነው፤ ተራዬ አልደረሰም፤ ውሃው በመንገድ ባክኖ ቀረ። ለመጀመሪያው መፍትሔ ቦይ ማስፋት ነው። ለሁለተኛው መታገሥ ወይም ከቅርብ ምንጭ መጥለፍ ነው። ለሦስተኛው የውሃ አባቱን ማነጋገር ነው። ለአራተኛው ቦዩን መጠገን ነው። «ውሃው ፍጥነት የለውም» ብሎ የሚከስ ገበሬ ግን ከአራቱ አንዱንም አልተናገረም፤ የውሃ አባቱም ምን እንደሚያደርግለት አያውቅም።

በመረብ ሥራም እንዲሁ ነው። በአንድ ሰከንድ ስንት ሜጋቢት ማለፍ ይችላል የሚለው የመስመሩ ስፋት ጉዳይ ነው። አንድ መልእክት ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ስንት ሚሊሴኮንድ ይወስዳል የሚለው የጊዜ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው በአንድ አገልጋይ ላይ ሲበዛ የሚመጣው የወረፋ ጉዳይ ነው። ከተላኩት እሽጎች ስንቱ ሳይደርሱ ቀሩ የሚለው ደግሞ የጉድለት ጉዳይ ነው።

ለመጀመሪያው፣ ማለትም ባንድዊድዝ ለሚባለው፣ በማሽን ትርጉም ገጾች ተዘውትሮ የሚታየው አቻ «የመተላለፊያ ይዘት» ነው። ይህ ስያሜ አሳሳች ነው። «ይዘት» በአማርኛ በውስጥ ያለው፣ የተያዘው ነገር ነው፤ የመጽሐፍ ይዘት፣ የንግግር ይዘት እንላለን። ስለዚህ አንባቢው በመስመሩ ውስጥ የሚያልፈውን ነገር እንጂ የመስመሩን አቅም አይረዳም። «የመስመር ስፋት» ብንል ግን የመንገድ ስፋት የሚያውቅ ሁሉ ያለ አስረጂ ይገባዋል። «መስመር» የሚለው ቃልም ከስልክ ዘመን ጀምሮ «መስመሩ ተይዟል»፣ «መስመሩ ተጨናንቋል» በሚሉት አነጋገሮች ሥር የሰደደ ስለሆነ ሌላ ቃል መፈለግ አያሻም።

የውሃው ምሳሌ ግን እስከ መጨረሻው አያዘልቅም። ውሃ ወራጅ ነው፤ በመረብ የሚሄደው መረጃ ግን ተቆጥሮ በታሸገ ክፍል፣ ማለትም በእሽግ፣ ይጓዛል። ስለዚህ ለአራተኛው ነገር የውሃ ቃል ከመዋስ የእህል ቃል መዋስ ይሻላል፤ ከተቀደደ ጆንያ እህል እንደሚንጠባጠብ እሽጎችም በመንገድ ይንጠባጠባሉ። «የእሽግ መንጠባጠብ» የሚለው «የፓኬት መጥፋት» ከሚለው የሚሻለው ጥቂት ጥቂት እየሆነ በየመንገዱ የሚደርሰውን ጉድለት ስለሚያሳይ ነው። «ጠፋ» የሚለው ቃል ሁሉም የቀረ ያስመስላል።

3. መዘግየት ወይስ ደርሶ መልስ?

ከሁሉ ይልቅ ክርክር የሚያስነሣው ሁለተኛው ነገር ነው። ሌተንሲ ለሚባለው የተለመደው አቻ «መዘግየት» ነው። ይህ ቃል ወቀሳ ያዘለ ነው። የዘገየ ማለት በሰዓቱ መድረስ ሲገባው ያልደረሰ ነው። ከአዴት ባሕር ዳር ያለውን 40 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በተለመደው ሰዓት የጨረሰ አውቶቡስ ጊዜ ወስዷል እንጂ አልዘገየም። በመረብም ጤነኛው መስመር እንኳ ጊዜ ይወስዳል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ገመዱ እንደ ክር ተወጥሮ ቢዘረጋ እንኳ ደርሶ ለመመለስ ከ50 ሚሊሴኮንድ በታች አይበቃም። እውነተኛው ገመድ ደግሞ በወደብና በባሕር እየዞረ ነው የሚሄደው። ይህን ጊዜ «መዘግየት» ብለን ስንጠራው ተገልጋዩ የሌለ ጥፋተኛ እንዲፈልግ እናደርገዋለን።

በየመናኸሪያው የሚነገር የተዘጋጀ ቃል አለልን፤ «ደርሶ መልስ» ነው። መሐንዲሶች የሚለኩትም በእርግጥ ይህንኑ፣ የመሄጃውንና የመመለሻውን ድምር ነው። «የደርሶ መልስ ጊዜ» የሚለው ስያሜ ልኩን ይገልጻል፣ ማንንም አይወቅስም፣ የሚያሳጥረውንም መንገድ ያመለክታል፦ ቅርብ ወደ ሆነ አገልጋይ መዞር ነው። «መዘግየት» የሚለውን ከወትሮው በላይ ለሆነው ጊዜ ብቻ፣ ከፍ ዝቅ ለሚለው ጊዜ ደግሞ ቀድሞ የምናውቀውን «መዋዠቅ» ብንይዝ አንዱ ቃል ከሌላው ጋር አይጋጭም።

ሁለቱን ነገሮች አለመለየት ምን ያህል እንደሚጎዳ ለማየት ከአገራችን ታሪክ አንድ ምሳሌ ይበቃል። ወረዳኔት በ1990ዎቹ ዓ.ም. ወረዳዎችን ማገናኘት ሲጀምር ብዙዎቹን የደረሰባቸው በሳተላይት ነበር። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ የሚቆም ሳተላይት ጥያቄውን ለማውጣትና ለማውረድ፣ መልሱንም እንዲሁ ለማድረግ፣ ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ እንኳ ከ470 ሚሊሴኮንድ በላይ ይወስድበታል። እንዲህ ባለ መስመር በሥዕል የታገዘ ስብሰባ ሲደረግ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ሳለ ተናጋሪዎች ሊቋረጡና ቃል ለቃል ሊጋጩ ይችላሉ። «ፍጥነት የለውም» ብሎ ስፋት ቢገዛለት ሥዕሉ ይበልጥ ይጠራ ይሆናል፤ ንግግሩ ግን እንደተጋጨ ይቀራል። ለዚያ ችግር መፍትሔው የምድር ገመድ ነው።

ሁለቱ ነገሮች የተለያዩ ይሁኑ እንጂ የተቆራኙ ናቸው። ላኪው ማረጋገጫ ሳይደርሰው በአንድ ጊዜ 65,535 ባይት ብቻ እንዲልክ የተፈቀደለት ቢሆንና ደርሶ መልሱ 200 ሚሊሴኮንድ ቢወስድ፣ መስመሩ የቱንም ያህል ቢሰፋ በሰከንድ ከ2.6 ሜጋቢት በላይ አያልፍም። የዛሬ መሣሪያዎች ይህን ወሰን ከፍ የሚያደርጉበት ዘዴ አላቸው፤ ሆኖም እሽግ በተንጠባጠበ ቁጥር ላኪው ስለሚቆጠብ ረጅም ደርሶ መልስ ያለው መስመር ይበልጥ ይጎዳል። ይህን ዐረፍተ ነገር ስፋት፣ ደርሶ መልስና መንጠባጠብ የሚሉትን ሦስት ቃላት ሳይለዩ በአማርኛ መጻፍ አይቻልም።

4. ምናባዊ፣ ዋሻና ድብቅ

ወደ ቪፒኤን ስም እንመለስ። የተለመደው አቻ «ምናባዊ የግል አውታረ መረብ» ነው። «ምናብ» የአእምሮ ሥዕል ነው፤ ምናባዊ ገጸ ባሕርይ በሕይወት የሌለ ነው። ይህ መረብ ግን አለ፤ መረጃ ያመላልሳል፣ ኤሌክትሪክ ይበላል፣ ይበላሻልም። የሌለው የተለየ የራስ ገመድ ነው። ማለትም የግል ሳይሆን እንደ ግል የሚያገለግል ነው። አማርኛ ለዚህ «መሰል» የሚል ጥሩ መሣሪያ አለው፤ ሰው መሰል፣ ግጥም መሰል እንደምንል «የግል መሰል መረብ» ማለት ይቻላል። በንግግር «ቪፒኤን» የሚለው ምኅጻር እንደሚቀጥል አንጠራጠርም፤ መፍቻው ግን አንባቢውን እንዳያሳስት እንፈልጋለን።

በውስጡ የሚዘረጋው መተላለፊያ በብዙ ጽሑፎች «ዋሻ» ተብሏል። ዋሻ ሰው የሚሸሸግበት፣ ባሕታዊ የሚኖርበት ስፍራ ነው፤ መግቢያ እንጂ መውጫ ሊኖረው ግድ አይደለም። ወዲያ ማዶ የሚያሻግረው «መሿለኪያ» ነው። ልዩነቱ ለጥገናም ይረዳል፤ መሿለኪያ ሁለት አፍ ስላለው ተገልጋዩ «መውጫው የት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ብዙ ጊዜ የመጎተቱ ምክንያት ያ ነውና፤ አዴት ያለ ሰው ባሕር ዳር ላለ ሰነድ በአሜሪካ በኩል ዞሮ ይሄዳል።

ሦስተኛው ስሕተት መጠቅለልንና ማመስጠርን ሁለቱንም «መደበቅ» ማለት ነው። ማመስጠር የመሣሪያውን የስሌት አቅም ይወስዳል፤ አሮጌ ስልክ ወይም ደካማ ራውተር የሚደክመው በዚህ ነው። መጠቅለል ደግሞ ቦታ ይወስዳል። ብዙ መስመሮች አንድን እሽግ እስከ 1,500 ባይት ያሳልፋሉ። ዋየርጋርድ የሚባለው አሠራር በአራተኛው የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት ላይ ሲሠራ 60 ባይት ሽፋን ይጨምራል። ቀድሞ የሞላ እሽግ ሲጠቀለል ከበሩ ስለሚሰፋ ይከፈላል ወይም ይጣላል። ምልክቱም የታወቀ ነው፤ ትንንሹ ገጽ ይከፈታል፣ ከባዱ ተንጠልጥሎ ይቀራል። መፍትሔው የእሽጉን መጠን መቀነስ ነው። «መደበቅ» የሚል መመሪያ ያነበበ ሰው ግን ከመደበቅ ወደ መጠን የሚያደርሰው መንገድ አያገኝም።

5. መቋረጥ፣ መታገድ፣ መገደብ

በዕለት ንግግር «ኔትወርክ የለም» የሚለው ሐረግ ምልክት ሲጠፋም፣ ገጽ ሲዘጋም፣ መስመር ሲጎተትም ይነገራል። የቅርብ ዓመታት ሁኔታ ግን መለየትን ግድ አድርጎታል። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ሐምሌ በአገሪቱ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ሲታገዱ መስመሩ በሌላ በኩል ክፍት ነበርና ብዙ ሰው በቪፒኤን ተገለገለ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ቪፒኤን ለአዴትም፣ ለፍኖተ ሰላምም፣ ለቡሬም የሚያደርገው ነገር አልነበረም። መሿለኪያ የሚቆፈረው ተራራ ሲኖር ነው። የመጀመሪያው መታገድ፣ ሁለተኛው መቋረጥ ነው። ሦስተኛው መገደብ ነው፤ ግድብ ውሃን ጨርሶ እንደማያስቀር ሁሉ የተገደበ አገልግሎትም በቀጭኑ ይፈስሳል። ቪፒኤን በመሠረቱ መስመር አያሰፋም፤ ፍሰትን ሊያሻሽል የሚችለው አንድ አገልግሎት ተለይቶ በተገደበ ጊዜ ነው። መመሪያው ሦስቱን ካልለየ አንባቢው በተቋረጠ መስመር ላይ ሦስት ዓይነት ቪፒኤን እየጫነ ቀኑን ያሳልፋል።

6. ማጠቃለያ

«ባንድዊድዝ፣ ሌተንሲ፣ ፓኬት ብለን እንተዋቸው፤ ባለሙያው ያውቃቸዋል» የሚል ክርክር ይነሣል። ውሰትን አንቃወምም፤ ራውተርና ኢንተርኔት የኛ ሆነዋል። ነገር ግን መመሪያ የሚጻፈው ለሚያውቀው ሳይሆን ለቸገረው ነው። ባለሙያ በአጠገቡ የሌለው የወረዳ ሠራተኛ ስልክ ደውሎ ችግሩን የሚያስረዳው ባለው ቃል ነው። ቃሉ «ፍጥነት የለውም» ብቻ ከሆነ ከወዲያ የሚሰማው ባለሙያ በግምት ይመልስለታል።

ስለሆነም የመመሪያ ተርጓሚዎች የሚከተለውን የፍተሻ ቅደም ተከተል ከነስያሜው እንዲሞክሩት እናሳስባለን፦

ሀ/ መስመሩ ተቋርጧል፣ ታግዷል፣ ተገድቧል ወይስ ክፍት ነው?
ለ/ ያለ ቪፒኤን የመስመር ስፋቱና የደርሶ መልስ ጊዜው ስንት ነው? በቪፒኤንስ? ያለ ቪፒኤንም የሚጎተት ከሆነ ጥፋቱ ከቪፒኤን አይደለም።
ሐ/ የጨመረው ደርሶ መልስ ከሆነ የመሿለኪያው መውጫ ወደ ቅርብ አገልጋይ ይዛወር።
መ/ ስፋቱ በማታ ብቻ የሚቀንስ ከሆነ ወረፋ ነውና ያልተጨናነቀ አገልጋይ ይመረጥ።
ሠ/ እሽግ የሚንጠባጠብ ከሆነ በቅድሚያ የቤቱ ገመድና ዋይፋይ ይታይ።
ረ/ ትንሹ ገጽ ተከፍቶ ከባዱ ከቀረ ጥቅልሉ ከበሩ ሰፍቷልና የእሽጉ መጠን ይቀነስ።
ሰ/ መሣሪያው የሚግልና የሚደክም ከሆነ ማመስጠሩ ከብዶታልና ቀለል ያለ አሠራር ይሞከር።

ከእነዚህ ስያሜዎች አብዛኞቹ አዲስ የተፈጠሩ አይደሉም፤ ከቦይ፣ ከመናኸሪያና ከጆንያ የተወሰዱ ናቸው። «የግል መሰል መረብ» የሚለው ገና ያልተፈተነ ስለሆነ የበለጠ ቢገኝ ለመተው ዝግጁ ነን። «ደርሶ መልስ» የሚለውን ግን አጥብቀን እንይዛለን። በመስኖና በመጓጓዣ ሥራ የሚነገሩ፣ እኛ ያላየናቸውና ለዚህ ሙያ የሚበጁ ቃላት ያላችሁ አንባብያን፣ የተነገሩበትን ስፍራና ዐረፍተ ነገሩን ጭምር መዝግባችሁ ብታካፍሉን ለቀጣዩ የስያሜ ዝርዝር ግብዓት ይሆናሉ።