ዋስ የሌለው ፊርማ

የስፖርተኞችን ፊርማና ማስታወሻ መሰብሰብ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ አንድ ጥያቄ ያነሳል፦ «ይህ ፊርማ እውነተኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ? የየትኛውን ድርጅት ሰርተፍኬት ልመን?» ከነባሮቹ ገሚሱ ስመ ጥር መርማሪ ድርጅት ጠቁሞ፣ ባለሆሎግራሙን ተለጣፊ አሳይቶ ይሸኘዋል። ገሚሱ ደግሞ ሰርተፍኬቱን ተወውና ዓይንህን አሠልጥን፣ የፊደሉን አጣጣልና የእስክሪብቶውን አካሄድ አጥና ይለዋል። ሁለቱም ምክሮች ከመጨረሻው የሚጀምሩ ይመስሉኛል። ፊርማ ብቻውን ለራሱ አይመሰክርም። የሚመሰክርለት ዕቃው ከማን እጅ ወጥቶ፣ በእነማን በኩል አልፎ እዚህ እንደደረሰ የሚናገር የተጻፈ ታሪክ ነው። ስለዚህ ማስፈረሙ የሰብሳቢነት ቀላሉ ክፍል ነው፤ ሙያው በዚያው ዕለት ማታ ተቀምጦ መጻፉ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። «ፊርማ»ም «ማሊያ»ም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ቃላት ናቸው፤ ቃሉ ከመምጣቱ በፊት ግን ውል ይጸና ነበር። ነገሥታቱ ደብዳቤያቸውን በማኅተም ያጸኑ ነበር። የርስት ስጦታ በወንጌል መጽሐፍ ባዶ ገጽ ላይ ሲመዘገብ በቦታው የነበሩት ሹማምንትና ካህናት በስም ይዘረዘሩ ነበር። ተራው ሰውም ሲበደር ዋስ ይጠራል፣ እማኝ ያቆማል። የብራና መጻሕፍትን የገለጠ ሰው ደግሞ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደተሰጠ የሚናገር ማስታወሻ አይቶ ይሆናል፤ ከሥሩም ውግዘት ይከተላል። ውግዘቱ የሚወርደው መጽሐፉን በሚሰርቀው ላይ ብቻ አይደለም፤ ጽሑፉን በሚፍቀውም ላይ ነው። አባቶች የዕቃውን ታሪክ ማጥፋት ዕቃውን ከመስረቅ እኩል አድርገው ማየታቸው የሰብሳቢነትን ሙያ ዋና ነገር የያዘ ይመስለኛል።

ለሰርተፍኬት ጥብቅና የሚቆሙ ወገኖች ተለጣፊው ዋስ ነው ይላሉ። ዋስ ግን የሚዋስለትን የሚያውቅ ሰው ነው። ሲፈረም ያላየ ድርጅት ከዓመታት በኋላ አይቶ የሚሰጠው ወረቀት የባለሙያ አስተያየት እንጂ ምስክርነት አይባልም። አስተያየት ደግሞ እንደ ፊርማው ሁሉ በሐሰት ሊሠራ ይችላል። በአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ኤፍ ቢ አይ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ «ዓ.ም.» ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) መጨረሻ «ኦፕሬሽን ቡልፔን» በሚል ስያሜ ከሳን ዲዬጎ ተነሥቶ ባካሄደው ምርመራ የተያዙት አስመሳዮች ኳስና ፎቶግራፍ ላይ ብቻ አልፈረሙም፤ ዕቃው የሚሸጠው ከነሐሰተኛ የምስክር ወረቀቱ ነበር። ከተያዙት መካከል በእማሆይ ቴሬዛ ስም የተፈረመበት የቤዝቦል ኳስ ይገኝበታል። ወረቀት ስላለው የሚገዛ ሰው ነበረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ በ2001 ያመጣው መፍትሔ ትምህርት ይሰጣል። የተሻለ የፊደል መርማሪ አልቀጠረም፤ በየስታዲየሙ እማኝ አቆመ። ብዙዎቹ የፖሊስ ሥራ ልምድ ያላቸው እነዚህ እማኞች ኳሱ ከሜዳ ሲወጣ ወይም ተጫዋቹ ሲፈርም በዓይናቸው ካላዩ ሆሎግራሙን አይለጥፉም። ሆሎግራሙ ዋጋ ያገኘው ከበስተኋላው ያየ ሰው ስላለ ነው።

በዓይናቸው የሚተማመኑትን ይበልጥ አከብራቸዋለሁ፤ ብዙ ዓመት የፈጀ ዕውቀት ነው። ነገር ግን የማይታበሉ ድሎቻቸው ሲመረመሩ ከፊደል አጣጣል ይልቅ የዘመን ስሌት ሆነው ይገኛሉ። የቤዝቦል ተጫዋቹ ሉ ጌሪግ በ1941 ሞቷል፤ የቢክ እስክሪብቶ ዓይነቱ ቀለም ደግሞ በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋለው በ1945 ነው። በዚያ ቀለም የተጻፈ የጌሪግ ፊርማ የቱንም ያህል ቢያምር ሐሰት ነው። ከአሜሪካ ቤዝቦል ዋና ሊጎች አንዱ በሆነው «አሜሪካን ሊግ» ኳሶች ላይ የሊጉ ፕሬዚዳንት ስም ይታተም ነበር፤ ጆ ክሮኒን ፕሬዚዳንት የሆነው በ1959 ሲሆን ሌላው የቤዝቦል ተጫዋች ቤብ ሩት ያረፈው በ1948 ነው። የክሮኒን ስም በታተመበት ኳስ ላይ የሩት ፊርማ ከተገኘ ሟች ተነሥቶ ፈርሟል ማለት ነው። ለእኛ የሚቀርበውን ልጨምር፦ አበበ ቢቂላ የሮምን ኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈበት ጫማ ነው ተብሎ የሚቀርብ ማንኛውም ጫማ፣ ፊርማ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ መመርመር አያስፈልገውም። አበበ የሮጠው በባዶ እግሩ ነው።

የዓይን ዘዴ ከሁሉ ይልቅ የሚሰናከለው ሐቀኛ ፊርማ ሐሰት ሲመስል ነው። አስመሳይ ቀስ ብሎ ስለሚቀዳ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ስለዚህ መንቀጥቀጥ የሐሰት ምልክት ነው እየተባለ ይሰበካል። ቦክሰኛውን ሙሐመድ ዓሊን እዚህ ላይ ማንሳት ይገባል። እስከ 1964 በካሲየስ ክሌይ ስም ይፈርም የነበረው ሰው ስሙን ቀየረ፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ፓርኪንሰን እጁን ያዘው። የኋለኛው ዘመን እውነተኛ ፊርማው ከወጣትነቱ ፊርማ ይልቅ የአስመሳይን ሥራ ሊመስል ይችላል። በእነዚህ መካከል የሚፈርደው ቀኑ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ቀኑን ቀለሙ አይናገርም፣ የሚናገረው የጻፈው ሰው ነው።

ትልልቆቹ ጨረታዎችም ከዚህ የራቀ ነገር አላሳዩም። ዲዬጎ ማራዶና በ1986 የዓለም ዋንጫ እንግሊዝ ላይ ሁለት ግብ ያስቆጠረበት ማሊያ በ2022 በሰዝቢስ አጫራች ቤት ከ7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጣ። የተከፈለው ለጨርቁና ለላቡ ነበር ቢባል አላምንም። ማሊያውን ከጨዋታው በኋላ የተለዋወጠው እንግሊዛዊው ስቲቭ ሆጅ ነው፤ ከዚያም ለዓመታት በእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም በይፋ ተቀምጧል። ሰንሰለቱ ይህን ያህል አጭርና ግልጽ ሆኖም የማራዶና ልጅ፣ አባቴ ለሆጅ የሰጠው የመጀመሪያውን አጋማሽ ማሊያ ነው ብላ ተቃወመች። ግቦቹ የተቆጠሩት ደግሞ በሁለተኛው አጋማሽ ነው። አከራካሪው ነገር የተፈታው የማሊያውን ዓርማ፣ ሰንበርና ቁጥር ከጨዋታው ፎቶግራፎች ጋር በማስተያየት ነበር። በአንድ ጨዋታ፣ በአንድ ሰው ገላ ላይ የነበሩ ሁለት ማሊያዎች የሚለያቸው አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ሰብሳቢው ማስታወሻው ላይ «ከጨዋታው» ብሎ ማለፉ የማይበቃው ለዚህ ነው።

«ፊርማ እኮ የጀግናው እጅ በቀጥታ ያረፈበት ነው» የሚል ይኖራል። የሊዮኔል ሜሲን ሶፍት ይመልከት። በታኅሣሥ 2000 የባርሴሎናው ካርሌስ ሬክሳች አሥራ ሦስት ዓመቱን የያዘውን ልጅ ለማስፈረም ቃል የገባበት የምግብ ቤት ሶፍት በ2024 በቦናምስ 762,400 ፓውንድ አውጥቷል። ሶፍቱ ላይ የሬክሳችና የሁለት ወኪሎች ፊርማ አለ፤ የሜሲ ግን የለም። ዋጋውን የሠራው ቀኑና የነበሩት ሰዎች መጻፋቸው፣ ከፈረሙትም አንዱ ለዓመታት በጥንቃቄ ማስቀመጡ ነው። ሰብሳቢዎች ገና ሲፈጠር የዘር ሐረጉ አብሮት የተወለደ ዕቃ ፈልጉ ቢባሉ ከዚህ የተሻለ አያገኙም።

ጠንካራው ተቃውሞ ይህ ነው፦ ማስታወሻም ሊዋሽ ይችላል፤ ሰብሳቢው የራሱን ዕቃ ለማስወደድ የፈለገውን ቢጽፍ ማን ይከለክለዋል? እውነት ነው፣ ማንም አይከለክለውም። ነገር ግን የሁለቱ ውሸቶች አቅም እኩል አይደለም። ሐሰተኛ ፊርማ የሚጋለጥባቸው በሮች ጥቂት ናቸው፤ ቅርጹ፣ ቀለሙና የተጻፈበት ዕቃ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የውድድሩን ስም፣ የእስክሪብቶውን ዓይነትና አብሮ የነበረን ሰው የሚጠቅስ ማስታወሻ ግን እያንዳንዱ መስመሩ ከጋዜጣ፣ ከውጤት ዝርዝርና ከፎቶግራፍ ጋር ሊመሳከር ይችላል። ዝርዝር በበዛ ቁጥር ውሸታም የሚያዝበት ቦታ ይበዛል። ስለዚህም ጥሩ ማስታወሻ ያላየውን ጭምር ይጽፋል፤ «ሲፈርም አላየሁም፣ ከሾፌሩ ተቀብዬ ነው» የሚል መስመር ዕቃውን ያረክሰዋል ብሎ የሚፈራ ሰው የጻፈውን ሌላውን መስመር ማመን ይቸግራል። ሌላው ተቃውሞ የስሜት ነው፤ ደስታው ከጀግናው ጋር መገናኘቱ ነው፣ መዝገብ መያዝ የሒሳብ ሠራተኛ ሥራ ነው ይባላል። ደስታው ግን ከባለቤቱ ጋር ያልፋል። ፍሬሙ ለልጆቹ ሲደርስ የማይነበብ ጭረት ያለበት ወረቀት ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው አነጋገር ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል፤ የሚወረሰው ዕቃው እንዳይመስለን።

ኢትዮጵያዊ ሰብሳቢ ከሌላው የበለጠ መጠንቀቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ የዘመን አቆጣጠሩን መጻፍ። አገራችን የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳችው በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ 4 ለ 2 አሸንፋ፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀብሎ። ከዚያ ቀን የተረፈ ነገር ከአንድ ቤት ቢገኝና ከጀርባው «የ1954 የአፍሪካ ዋንጫ» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ፣ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ ባለሙያ ሐሰት ነው ብሎ ይጥለዋል። ውድድሩ በእነርሱ ቀመር የተጀመረው በ1957 ነዋ! «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ያልተደረገበት ሐቅ በስምንት ዓመት ስሕተት ይቀበራል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት የተባለው በማን አቆጣጠር እንደሆነ ካልተጻፈ ስድስት ሰዓት ይሳሳታል።

ይህን ሁሉ ጥብቅነት ለገንዘብ ብቻ የሚያየው ሰው ይኖራል፤ አብዛኛው ሰብሳቢ ግን ምንም አይሸጥም። ለእኔ የሙያው ትርጉም እማኝነት ነው፤ የሆነ ነገር ሲሆን በቦታው የነበረ ሰው ያንን ለሌለው ማቆየቱ። አበበ ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር፤ ውድድሩ ሲያልቅ መሽቶ ስለነበር መንገዱ በችቦ ይበራ ነበር። በዚያች ምሽት በአፒያ መንገድ ዳር የቆመ አንድ ተመልካች፣ ስሙን የማያውቀው ባለ 11 ቁጥር ሯጭ በባዶ እግሩ ሲያልፍ ቀኑንና ሰዓቱን በወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ አስፍሮ ቢሆንና ወረቀቱ ዛሬ ቢገኝ፣ የአበበ ፊርማ አይኖርበትም። ቀን ከሌላቸው አሥር የአበበ ፊርማዎች ጋር ጎን ለጎን ቢቀርብልኝ እጄ የሚዘረጋው ወደ እርሳሱ ጽሑፍ ነው።