ከባሕሩ ዳር ያልራቀው ጊታር

አንድ ከያኒ የሚመዘነው ዝናው በተዳረሰበት ርቀት ነው ወይስ በበቀለበት ስፍራ ባመጣው ለውጥ? የአሜሪካዊው የጊታር ተጫዋች የዲክ ዴል የሙያ ሕይወት ይህን ጥያቄ በጉልህ ያስነሣል።

ዴል እ.ኤ.አ. በ1937 በቦስተን ከተማ ሲወለድ የወጣለት ስም ሪቻርድ ሞንሱር ነበር። በአባቱ ወገን ሊባኖሳዊ በመሆኑ፣ በልጅነቱ ኡድ ከሚጫወት አጎቱ ዘንድ የምሥራቁን ዓለም ዜማና የከበሮ ምት ቀሰመ። በ1954 ቤተሰቡ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ሲዛወር፣ ወጣቱ በማዕበል ላይ በሰሌዳ መንሸራተትን፣ ማለትም ሰርፍ የተባለውን ስፖርት ተማረ። ሙዚቃውም ከእነዚህ ሁለት ምንጮች ተቀዳ።

በ1961 በጋ ባልቦአ በተባለው የባሕር ዳርቻ፣ ራንዴቩ በሚባለው ሰፊ የዳንስ አዳራሽ መጫወት ጀመረ። አድማጮቹ ቀኑን ከማዕበል ጋር ሲታገሉ የዋሉ ወጣቶች ነበሩ። ዴል ስለ ባሕር የሚናገር ግጥም አላቀረበላቸውም፤ የማዕበሉን ጉልበት ራሱን በጊታሩ ሊያሰማቸው ሞከረ እንጂ። በሥራው ውስጥ ቅርጽና ይዘት የተዋሐዱት እዚህ ላይ ነው።

ዴል ግራኝ ሲሆን፣ ለቀኝ እጅ የተዘጋጀውን ጊታር የክሮቹን ቅደም ተከተል ሳይለውጥ ገልብጦ ይጫወት ነበር። እጅግ ወፋፍራም ክሮችን መርጦ፣ ወደ ታችና ወደ ላይ እያፈራረቀ ያለ ዕረፍት ይመታቸዋል። በ1962 የታተመው «ሚሰርሉ» የዚህ ስልት ጉልህ ምስክር ነው። ይህን የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ጥንታዊ ዜማ የግሪክ ሙዚቀኞች ገና በ1920ዎቹ በሸክላ አስቀርጸውት ነበር። ዴል ፍጥነቱን አብዝቶ የኡዱን ርግብግቢትና የከበሮውን ምት በአንድ እጅ አገናኘ።

ይህን ኃይል ግን በጊዜው የነበሩት የድምፅ ማጉያዎች ሊሸከሙት አልቻሉም፤ በተደጋጋሚም ተቃጠሉ። በፉለርተን ከተማ የጊታር ሠሪ የነበረው ሊዮ ፌንደር ከባልደረባው ከፍሬዲ ታቫሬስ ጋር በመሆን፣ ሾውማን የተባለውን ኃይለኛ ማጉያ የሠራው የዴልን ፍላጎት ለማሟላት ሲጥር ነው። ስለዚህ የአንድ አዳራሽ ጭፈራ፣ ከዚያ ወዲያ በመላው ዓለም መድረኮች ለተሰማው ድምፅ መንገድ ከፈተ ማለት ይቻላል።

ብዙዎች የሰርፍ ሙዚቃን መለያ በድምፅ ማስተጋቢያ መሣሪያ ይተረጉሙታል። ሆኖም ዴል በ1961 ያሳተመው «ሌትስ ጎ ትሪፒን» ማስተጋቢያ የለበትም። የሙዚቃው ምሰሶ ምቱ ነው፤ ማስተጋቢያው በኋላ የመጣ ጌጥ ነው።

ይህ ሲባል ሥራው እንከን የለሽ ነበር ማለት አይደለም። ድምፃዊነቱ ከጊታሩ ጋር የሚስተካከል አልነበረም። ከ1963 ጀምሮ ለካፒቶል የሸክላ ኩባንያ ከሠራቸው መካከል ስለ እሽቅድምድም መኪናዎች የተዘጋጁት፣ ከራሱ ስሜት ይልቅ የገበያውን ፋሽን የተከተሉ ይመስላሉ። በ1964 የእንግሊዝ ቡድኖች አሜሪካን ሲያጥለቀልቁ የሰርፍ ሙዚቃ ተዳከመ፤ ዴልም በካንሰር ታመመ፤ ራንዴቩም በ1966 በእሳት ወደመ።

በ1987 ከቴክሳሱ የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ከስቲቪ ሬይ ቮን ጋር «ፓይፕላይን»ን ሲጫወት የሁለቱ ልዩነት ገሃድ ወጣ። ቮን ክሩን እያጎበጠ እንደ ሰው ያዜመዋል፤ ዴል ግን እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። ሁለቱም ያደጉበትን ስፍራ ቋንቋ ይዘው በመቅረባቸው አንዱ ሌላውን አልዋጠውም።

በ1994 «ፐልፕ ፊክሽን» የተባለው ፊልም በ«ሚሰርሉ» ሲከፈት፣ ዓለም የ32 ዓመት ሸክላን እንደ አዲስ ሰማ። ዝና ግን ኑሮን አላቃናም፤ ዴል በእርጅናው ከከተማ ከተማ እየዞረ የሚጫወተው የሕክምና ወጪውን ለመሸፈን እንደሆነ በ2015 በይፋ ተናግሯል። በ2019 በ81 ዓመቱ እስኪያርፍም ድረስ ጊታሩን አላስቀመጠም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ከዚሁ ይገኛል። ዴል ዓለምን ለማስደሰት ሲል ከባሕሩ ዳር አልራቀም፤ ለአንድ አዳራሽ ወጣቶች በታማኝነት የተጫወተውን ዓለም ዘግይቶ ደረሰበት እንጂ። ሆኖም የዘገየው ጭብጨባ ለከያኒው የጧሪ ያህል እንዳልሆነው ሳይጠቀስ ማለፍ አይገባም።