አራት ነጥብና ቅንፍ

በብራና መጻሕፍት የዓረፍተ ነገር መድረሻ አራት ነጥብ ነው፤ ቅንፍ ግን ከኅትመት ጋራ የመጣ እንግዳ ነው። የአንድምታ መምህራን የራሳቸውን ቃል ከንባቡ የሚለዩት «አንድም» ወይም «ሐተታ» እያሉ ስለ ነበረ ቅንፍ አላሻቸውም።

የዛሬ ጸሐፊዎች ቅንፉን ወደዱት እንጂ ጠባዩን አልተማሩም። «ዳግማዊ ምኒልክ በዐድዋ ድል አደረጉ (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.)» ብሎ የሚተው ሰው፣ በመጨረሻ ያለችውን አንዲት ነጥብ አይቶ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። እርስዋ ግን የቃል ማሳጠሪያ ናት እንጂ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ አይደለችም፤ ስለዚህ አራት ነጥቡ ከቅንፉ ውጭ ሊቆም ይገባዋል። ነጥቡ ወደ ውስጥ የሚገባው በቅንፍ ያለው ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ሲሆን ብቻ ነው። (በውስጥም በውጭም የሚያቆም አይታጣም፤ ይህስ በአንድ በር ላይ ሁለት መዝጊያ መግጠም ነው።)

ከሁሉ የሚከፋው በትርጉም መጻሕፍት የሚታየው ነው። ተርጓሚው ለማስረዳት የጨመረውን ቃል በቅንፍ አግብቶ አራት ነጥቡን ከቅንፉ በፊት ቢያስቀድመው፣ ቅንፉ ባለቤት ያጣል። በጉባኤ የሚያነብ ዲያቆን ቅንፍን በድምፅ ማሳየት አይችልም፤ የሚያርፈው ነጥቡን አይቶ ነው። ነጥቡ ከስፍራው ሲርቅ የተርጓሚው ቃል ከሚከተለው ጋራ ተያይዞ እንደ ደራሲው ቃል ይሰማል።