ምስሉ ቀርቷል፤ ስሙስ?

ፎቶግራፍን ከሥዕል የሚለየው ዐቢይ ባሕርይ ምስክርነቱ ነው። ሠዓሊ ያላየውን አስቦ ይሥላል፤ በፊልም ዘመን የነበረው ፎቶግራፍ አንሺ ግን በመነጽሩ ፊት ያልቆመውን ሊያነሣ አይችልም ነበር። ስለዚህ አንድ አሮጌ ፎቶግራፍ ባዩት ቁጥር «ይህ ሰው በእርግጥ ነበረ» ይላል። ይሁን እንጂ «ነበረ» ማለት አንድ ነገር ሲሆን፣ «ማን ነበረ? የት ነበረ? መቼ? ምን ሲያደርግ?» የሚለውን መመለስ ሌላ ነገር ነው። የፊተኛውን ወረቀቱ ራሱ ይናገራል፤ የኋለኛውን ግን የሚያውቅ ሰው ካልተናገረለት በቀር ወረቀቱ ዲዳ ነው።

ይህ ልዩነት የንድፈ ሐሳብ ጨዋታ አለመሆኑን የካዛንቺስ ዕጣ ያስረዳል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በኮሪደር ልማት ሥራ ሰፊው የሰፈሩ ክፍል ፈርሷል፤ ነዋሪውም ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ አዳዲስ መንደሮችና ወደ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ተዛውሯል። ስለ ሥራው አስፈላጊነትና አፈጻጸም ብዙ ተብሏል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ቤቱ ከመፍረሱ በፊት ከግድግዳ ወርዶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከዕቃው ጋር በጭነት መኪና የሄደው ፎቶግራፍ ነው። ምስሉ ተርፏል። በምስሉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች በየስማቸው የሚጠሩት ጎረቤቶች ግን ወደ ልዩ ልዩ የከተማዋ ዳርቻ ተበትነዋል። ፎቶግራፍን የሚያጠፉት እሳትና ውኃ ብቻ አይደሉም፤ ከሚያውቁት ሰዎች መለየትም ያጠፋዋል።

የኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ታሪክ ከመነሻው የኃያላን ታሪክ ሆኖ ነው የተጻፈው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው ነበርና መንገዱን፣ ተራራውንና ምሽጉን አነሡ፤ ዓላማቸው ግን የዘመቻውን መዝገብ ማሟላት ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን አዲስ አበባ ገብቶ የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ሙያውንም ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ወርሰው እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አደረሱት። የእነዚህ ባለሙያዎች ሥራ በጥራቱም በታሪካዊ ዋጋውም ከፍ ያለ መሆኑ አያከራክርም። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው። በዘመኑ ፎቶግራፎች ንጉሡ፣ ራሱ፣ ደጃዝማቹ በስሙና በማዕረጉ ይታወቃል። ጥላ ያዡ፣ ጋሻ ጃግሬው፣ የበቅሎውን ልጓም ጨብጦ የቆመው ሰው ግን ከጌታው እኩል ብርሃን ቢያርፍበትም ከሥር በሚጻፈው መግለጫ ውስጥ ቦታ የለውም። ያዳላው ካሜራው ሳይሆን እስክሪብቶው ነው።

ይህን አድልዎ ለማረም ከተደረጉት ጥረቶች መካከል በ1996 እ.ኤ.አ. የታተመው የሪቻርድ ፓንክረስትና የዴኒ ዤራር መጽሐፍ በቅድሚያ ይጠቀሳል። «ኢትዮጵያ በፎቶግራፍ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ይህ ሥራ ከ1867 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. የተነሡ ምስሎችን ያሰባሰበ ሲሆን፣ ከገዥዎቹ አልፎ አገሩንና ሕዝቡን ለማሳየት ይጥራል። ለአጥኚም ለመምህርም ዋቢ ሆኖ አገልግሏል። ነገር ግን መጽሐፉ የሚቆመው የጣልያን ወረራ ደጃፍ ላይ ነው። ካዛንቺስ ደግሞ የወረራው ዘመን ልጅ ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ሰው ከዚህ ትልቅ መጽሐፍ የከተማውን ልጅነት ያገኝበታል እንጂ የገዛ ሰፈሩን አያገኝበትም።

የካዛንቺስ ስም ራሱ የታሪክ ሰነድ ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን የያዘው የፋሺስት መንግሥት ለሹማምንቱና ለሠራተኞቹ ቤት የሚሠራ ኢንቺስ የሚባል ተቋም ነበረው፤ የዚሁ ተቋም ቤቶች «ካዜ ኢንቺስ» ይባሉ ነበርና ሕዝቡ በአፉ አለስልሶ ካዛንቺስ አለው። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉት ጣልያናውያን ነዳፊዎች በዚያው ዘመን ያወጡት የከተማ ፕላንም የአውሮፓውያንን መኖሪያ ከአገሬው ሰው መኖሪያ የሚለይ ነበር። የወራሪው የምስል ድርጅት ኢስቲቱቶ ሉቼ ካሠራጫቸው የአዲስ አበባ ምስሎች ብዙዎቹ ይህንኑ ሐሳብ የሚያገለግሉ ናቸው፤ ቀጥ ያለው መንገድ፣ አዲሱ ሕንፃ፣ የሠለጠነው ገዥ ጎልተው ይታያሉ። ኢትዮጵያዊው ሲታይ ወይ ድንጋይ ተሸካሚ ነው፣ ወይ ስም የሌለው «ዓይነት» ነው። በቅኝ ገዥዎች ፖስት ካርዶች ላይ የምትታየው ሴትም እንዲሁ የአንድ ነገድ ወይም የአንድ አገር ናሙና እንጂ እናት፣ እኅት፣ ባለሙያ ሆና አልቀረበችም። ምስሎቹ የተፈበረኩ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ምርጫቸው ግን ይዋሻል።

ይሁን እንጂ ፎቶግራፍ ለአንሺው ብቻ ታምኖ አይኖርም። ኢያን ካምቤል በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የአዲስ አበባ ጭፍጨፋ ታሪክ ላይ፣ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እልቂት ወንጀለኞቹ ወገኖች ራሳቸው ባነሡት ፎቶግራፍ ጭምር እንደተመሰከረባቸው ማየት ይቻላል። ለድል ማስታወሻ የተነሣው ምስል የክስ ማስረጃ ሆነ። ይህን ያደረገው ምስሉ ብቻውን አይደለም። ቦታውን ያወቀ፣ ቀኑን የለየ፣ የተራፊዎችን ቃል ከወረቀቱ ጋር ያገናዘበ ሰው በመገኘቱ ነው። ስለዚህ የመግለጫው ጉዳይ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሥርዓት ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ ነው።

ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ ካዛንቺስ ሌላ ሰፈር ሆነ። በጣልያን ቪላዎች ዙሪያና መሐል የጭቃ ቤቶች በቀሉ፤ ጠጅ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ አዝማሪ ቤቱ፣ ጉልቱ ተከተሉ። ከሰፈሩ አጠገብ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ቆመ። በአንድ በኩል የአህጉር መሪዎች የሚሰበሰቡበት፣ በሌላ በኩል ልብስ አጣቢዋና ሊስትሮው የሚያድሩበት፣ በዚህ ዓይነት ጎን ለጎን የኖረ ሰፈር ነው። የአዳራሹ ፎቶግራፍ በዓለም ዙሪያ ታትሟል። የልብስ አጣቢዋን ፎቶግራፍ የሚፈልግ ግን ወደ ፎቶ ቤት መሄድ ነበረበት።

ፎቶ ቤቱ እስካሁን በኪነ ጥበብ ሒስ ተገቢውን ቦታ አላገኘም። ብዙ ተቺዎች የተቀባ ሐይቅና ደረጃ ያለበትን መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባውን፣ ለደንበኛ በውሰት የሚሰጠውን ኮትና ከረባት እያዩ «የውሸት ነው» ብለው ያልፉታል። አስተያየቱ ችኩል ነው። በመቅደላም፣ በቤተ መንግሥትም፣ በፋሺስት ካሜራም ፊት ተራው ሰው ሌላው የሚያነሣው ነገር ነበር። በፎቶ ቤት ግን ከፋዩ ራሱ ነው። እንዴት እንደሚቆም፣ ምን እንደሚለብስ፣ ከማን ጋር እንደሚታይ የሚወስነው እርሱ ነው። ከገጠር የመጣችው ወጣት በመጀመሪያ ደመወዟ ጸጉሯን ተሠርታ ቆማ የተነሣችው ምስል፣ ኑሮዋን እንዳለ ባያሳይም ተስፋዋን እንዳለ ያሳያል። ተስፋም የዕለት ኑሮ አካል ነው። መጋረጃው ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ፎቶ ቤት ድረስ ያስመጣት ምኞት ግን እውነት ነው።

ይህ ማለት የፎቶ ቤቱ ምስል ሙሉ ታሪክ ነው ማለት አይደለም። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የተነሣው በሠርጉ፣ በክርስትናው፣ በምረቃው፣ በጥምቀት በዓሉ ነው። የቦኖ ውኃ ወረፋውን፣ በክረምት የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ አሥር ቤተሰብ የሚጠቀምበትን አንድ መጸዳጃ ቤት ከፍሎ ያስነሣ የለም። በመሆኑም አሮጌ ፎቶግራፎችን ብቻ እያዩ «ያ ደግ ዘመን» ማለት ራስን ማታለል ነው። ምስሉ ያልያዘውን መያዝ የሚችለው ባለቤቱ የሚናገረው ቃል ብቻ ነው። ከበዓሉ ፎቶግራፍ ጀርባ ያለውን የወረፋ ጥዋት የምታስታውሰው በሥዕሉ ላይ ነጭ ለብሳ የምትታየው ሴት ራሷ ናት።

ከዚህ አንጻር በፊሊፕ ሹትዝ፣ በወንጌል አበበና በናፍቆት ገበየሁ ጥረት ተሰባስቦ በ2018 እ.ኤ.አ. «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ርእስ የታተመው መጽሐፍ አዲስ ምዕራፍ ከፍቷል። መነሻው ቤተ መንግሥት ወይም የውጭ ቤተ መዘክር ሳይሆን የከተማው ሰው የቤተሰብ አልበም ነው። ከዚያ ቀደም ሲል ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ2001 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «አቢሲኒ ስዊንግ» የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ በፎቶግራፍ አሳይቷል፤ ዘፈኑን የሚያውቅ ሕዝብ የተጫዋቹን ፊት እንዲያውቅ አድርጓል። ሁለቱም ሥራዎች የሚመሰገኑት አሮጌ ወረቀት ስላሳተሙ ብቻ አይደለም፤ ምስልን ከሕይወት ጋር ስላገናኙ ነው። ነገር ግን አንድ መጽሐፍ አንድ ከተማን አይሸከምም። የዳንስ ባለሙያው መላኩ በላይ የመራው ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት በ2017 ዓ.ም. ከካዛንቺስ ሲነሣ ዓለም ሰምቷል፤ ፈንዲቃ ስም ስለነበረው በብዙ ካሜራ ተቀርጾ ቀርቷል። ስማቸው ያልገነነው ጎረቤት ጠጅ ቤቶች ግን ምናልባት ከአንድ ደንበኛ አልበም በቀር የሚገኙበት ስፍራ የለም።

ተራ ፎቶግራፍ ስም ሲያገኝ ምን ኃይል እንዳለው ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚያው በቂርቆስ ክልል፣ በመስቀል አደባባይ ዳር፣ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳዎች በሟቾች ፎቶግራፍ ተሸፍነዋል። ብዙዎቹ ለኪነ ጥበብ የተነሡ አይደሉም፤ ለመታወቂያና ለትምህርት ቤት የሚሆኑ ጉርዶች፣ ለዘመድ ማስታወሻ የተሰጡ ምስሎች ይመስላሉ። ተነሺዎቹ ወደ ካሜራው የተመለከቱት እንደማንኛውም ተማሪና ሠራተኛ ነው። ፊታቸው ከነስማቸው ጎን ለጎን ሲሰቀል ግን የትኛውም ሐውልት የማይደርስበት ምስክርነት ሆነ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው ብሂል እዚያ ግድግዳ ላይ በዓይን ይታያል።

ለካዛንቺስና ለቂርቆስ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው፤ ፊትን ከስም ጋር ማገናኘት። ለዚህ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ራሱ ያዘጋጀው መሣሪያ አለ። ይኸውም የዕድር መዝገብ ነው። የዕድር መዝገብ ስም አለው፣ ፊት የለውም፤ የግድግዳው ፎቶግራፍ ፊት አለው፣ ስም የለውም። ማን መቼ አባል እንደሆነ፣ ማን መቼ እንዳረፈ፣ የትኛው ቤት ከየትኛው እንደሚጎራበት በዳኛውና በጸሐፊው እጅ ተመዝግቦ ኖሯል። የተበተኑት ዕድርተኞች ገና በሚጠራሩበት በዚህ ጊዜ መዝገቡንና አልበሙን በአንድ ጠረጴዛ ላይ ማገናኘት ይቻላል። ከሃያ ዓመት በኋላ ግን ሁለቱም የማይነበቡ ይሆናሉ።

ጊዜው አጭር የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። በደንብ የታጠበ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ከብር የተሠራ በመሆኑ ጥላ ባለበት ደረቅ ስፍራ ከተቀመጠ ዘመን ይሻገራል። ከእርሱ በኋላ የመጣው ባለ ቀለም ፎቶግራፍ ግን በማቅለሚያ የተሠራ ስለሆነ ቀለሙ እየለቀቀ ወደ ቀይነት ያደላል። ስለዚህ የአያቶች ምስል ጠርቶ እየታየ የወላጆች ምስል ሊደበዝዝ ይችላል። የ1970ዎቹንና የ1980ዎቹን ቂርቆስ የያዙት ወረቀቶች ከአሮጌዎቹ ይልቅ የሚያስቸኩሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። መምህር ተማሪዎቹን ከቤታቸው አንድ ፎቶግራፍ መርጠው፣ ከታላላቆቻቸው ጠይቀው፣ የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዘመኑን እንዲጽፉ ሊያዝ ይችላል፤ ይህ ለታሪክም ለአማርኛም ትምህርት ይሆናል። ጽሑፉ በፎቶግራፉ ጀርባ ጠርዝ ላይ በለስላሳ እርሳስ፣ ሳይጫኑ ቢጻፍ ይመረጣል፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ምስሉ ይሰርጋልና። ሙጫም ያበላሸዋል። ዋናው ፎቶግራፍ ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ ቅጂው ብቻ ይወሰድ፤ ለሕዝብ የሚታየውም ባለቤቱ ሲፈቅድ ይሁን፤ ሁሉም የቤት ምስል ለአደባባይ አይደለም። ቅጂውን የሚያስቀምጡ ተቋማትም አሉ። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶግራፍ ክምችት አለው። በመስቀል አደባባይ አቅራቢያ በራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ቤት በ1979 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ሙዚየምም የከተማዋን ታሪክ እንዲጠብቅ የተቋቋመ ነው። ከምኒልክና ከጣይቱ ምስል ጎን የአንድ የካዛንቺስ ዕድር አባላት፣ እያንዳንዳቸው ከነስማቸው፣ ቢሰቀሉ ሙዚየሙ ከዓላማው አይወጣም፤ እንዲያውም ዓላማውን ያሟላል።

የኪነ ጥበብ ሰውም ድርሻ አለው። ሠዓሊው፣ ደራሲው፣ የፊልም ባለሙያው አሮጌ ፎቶግራፍን ለጌጥና ለትዝታ ማጣፈጫ ማድረጉን ትቶ «ይህች ማን ናት?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። የሰፈሩ ግድግዳ ፈርሷል፤ ጥያቄውን የሚመልሱት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ግን ዛሬ በሕይወት አሉ፤ አድራሻቸውም ይታወቃል።