ስም ያጣ ፈረስ

እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» በተባለው የሎስ አንጀለሱ ፌርፋክስ ጎዳና፣ በእጅ የተቀዱ የፈረስ ጉግስና የአደን ሥዕሎች ይሰቀላሉ። መቅዳቱን አልነቅፍም፤ የአድዋንም ሥዕል ያበዛልን ቅጂ ነው። ቅር የሚለኝ ጽሑፉ መቅረቱ ነው። የቀድሞው ሠዓሊ የባለታሪኩን ስም ከአጠገቡ ይጽፍ ነበር። በፈረስና በአደን ሥዕል የታወቁት እንግሊዞችም ቢሆኑ፣ ጆርጅ ስተብስ በ1762 ገደማ የሳለውን ፈረስ ዛሬም በስሙ «ዊስልጃኬት» ይሉታል። እኛ ዘንድማ ጌታው ራሱ በፈረሱ ስም ይጠራል፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አሉላ አባ ነጋ። ታዲያ ግድግዳው ላይ ያለው ነጭ ፈረስ የማን ነው? እዚህ የተወለደ ልጅ ቢጠይቀንስ? ሠዓሊው «ገዢው ቱሪስት አያነበውም» ብሎ ትቶት ይሆናል። እዚህ ግን ገዢዎቹ እኛ ነን፤ ስሙን በአማርኛ ጻፍልን ብሎ ማዘዝ ምን ይከብዳል?