የፈርዖን ከተማ በአሮጌው ኮምፒውተራችን

በዚህ ገጽ ብዙውን ጊዜ የምንገመግመው መጽሐፍ ነው። ዛሬ ግን አንድ የኮምፒውተር ጨዋታ ልንገመግም ተነሥተናል። ምክንያት አለን። በኮምፒውተር ክፍላችን ጨዋታ ይፈቀድ ወይስ ጭራሽ ይከልከል የሚለው ክርክር በመምህራን ስብሰባ ላይ ከተነሣ ሰንብቷል። እስካሁን የተከራከርነው ግን ስለ «ጨዋታ» በጅምላ ነው እንጂ፣ አንዱን ከፍቶ፣ አጫውቶ፣ ይህ ይጠቅማል ያ አይረባም ብሎ የጻፈ የለም። አንድ ኮምፒውተር ለአራት ተማሪ በሚደርስበት፣ ጄኔሬተሩም በሰዓት በሚጠፋበት ካምፕ ደግሞ አንድ ክፍለ ጊዜ ቀላል ነገር አይደለም።

ጨዋታው «ፋሮ» ይባላል፤ ፈርዖን ማለት ነው። ኢምፕረሽንስ ጌምስ የሠራው፣ ሲየራ ያሳተመው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ የከተማ ግንባታ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ በጥንታዊት ግብፅ የአንድ ከተማ አስተዳዳሪ ይሆናል፤ መንገድ ይቀይሳል፣ ጉድጓድ ያስቆፍራል፣ ጎተራ ይሠራል፣ እየቆየ ሲሄድም ፒራሚድ ያስገነባል። እኛ የጫንነው ሙሉውን ሳይሆን ዴሞውን ነው። ዴሞ ማለት ጤፍ ሻጭ በመዳፏ ቆንጥራ እንደምታሳየው ነው፤ ኩባንያው ገዢ እንዲሞክረው ብሎ በነፃ የሚበትነው ቁራጭ። በዚያ ዘመን ከኮምፒውተር መጽሔቶች ጋር በሲዲ ይታደል ነበር። ስለዚህ እሱን ተቀባብሎ መቅዳት ስርቆት አይደለም። ሙሉው ጨዋታ ግን ዛሬም በኢንተርኔት ይሸጣል። «ክራክ» የተደረገ ኮፒ በፍላሽ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች አሉና እሱን እንዳትጭኑ። የሕጉ ነገር ብቻ አይደለም፤ ቫይረስ አብሮት ይገባል፣ አንድ ፍላሽ ደግሞ ክፍሉን በሙሉ ሊያስተኛ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ጨዋታው እንደ አዲስ ተሠርቶ ወጥቷል፤ የእኛ ማሽኖች ግን እሱን አይችሉትም።

አሮጌውን መጫን ያን ያህል አያስቸግርም። የተሠራው ለዊንዶውስ 95 እና 98 ነው። ሥዕሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውድ የቪዲዮ ካርድ አይጠይቅም። እኛ የሞከርንበት ኮምፒውተር ዊንዶውስ ኤክስፒ ያለው፣ ራሙ 256 ሜጋባይት የሆነ፣ ሞኒተሩም እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጀርባው ያበጠ ነው። መጀመሪያ ፍላሹን በአንቲ ቫይረስ አስፈትሹ። ቀጥሎ የመጫኛውን ፋይል ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጡና ከዚያ ክፈቱት። ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ከከፈታችሁትና ፍላሹ ከላላ ጭነቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ተጭኖ አልቆ ስንከፍተው ስክሪኑ ጠቁሮ ድምፅ ብቻ ተሰማ። በጨዋታው ምልክት ላይ ማውዙን በቀኝ ተጭነን «ኮምፓቲቢሊቲ» በሚለው ክፍል ዊንዶውስ 98ን መረጥን፣ የስክሪኑንም ቀለም ወደ 16 ቢት አወረድን። ተከፈተ። ስፋቱን 800 በ600 ብታደርጉት ጽሑፉ ዓይን ሳያደክም ይነበባል። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ ጄኔሬተሩ ስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ጠይቁ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ጨዋታው ያስተምራል ወይ? አዎ፣ ያውም እኛ መምህራን በቃል ስናስረዳ የምንደክምበትን ነገር። አንድ ጎጆ እንዲሻሻል ውሃ ይፈልጋል፣ ምግብ ይፈልጋል፤ ምግቡ ከጎተራ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ደግሞ መንገድ ለመንገድ በምታከፋፍል ሴት ወደ ቤት መድረስ አለበት። ከሰንሰለቱ አንዱ ከተበጠሰ ሁሉም ይቆማል። አንድ ቡድን ተማሪዎች ጎተራቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ ሰፈራቸው ተራበ። ምን ሆነ ብለው ሲከታተሉ፣ አከፋፋይዋ መንታ መንገድ በደረሰች ቁጥር እንደመጣላት ትታጠፋለች፤ ሰው ወደሌለበት ሄዳ ትመለሳለች። ከልጆቹ አንዷ ወዲያው «መታጠፊያው በዛ፣ መንገዱን አንድ እናድርገው» አለች። መፍትሔው በትክክል ያ ነበር! እህል ስቶር ውስጥ መኖሩና እህል ድስት ውስጥ መግባቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለሬሽን ተሰልፎ ለሚያድግ ልጅ ማስረዳት አያስፈልግም። አዲሱ ነገር ልጅቷ አንዴ ከሰልፉ ወጥታ ከመንገድ ቀያሹ ወንበር ላይ መቀመጧ ነው። ጽሑፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ መሆኑም አልጎዳንም፤ ጎተራው ለምን ባዶ እንደሆነ ለማወቅ ሲሉ መዝገበ ቃላት የማይነኩት ልጆች እየተሻሙ ገለጡት።

ዴሞው መጀመሪያውን አቅምሶ ይቆማል። ሙሉውን ከእኛ መሀል አንዳንዶቻችን ዩኒቨርሲቲ ሳለን፣ ትምህርቱ ሳይቋረጥ በፊት፣ ዶርም ውስጥ ተጫውተነዋል። ቅሬታችን የሚጀምረው እዚያ ነው።

በጨዋታው ውስጥ ናይል በየዓመቱ ይሞላል፣ በዳርቻው ያለውን እርሻ ይሸፍናል፣ ሲሸሽ ጥቁር አፈር ትቶ ይሄዳል፤ ገበሬው ይዘራል፣ ያጭዳል። ጎርፉ ካነሰ ከተማው ይራባል። ታዲያ ጎርፉ እንዲበዛ ወይም እንዲያንስ የሚያደርገው ምንድን ነው? ኦሲሪስ የተባለው አምላክ ደስ መሰኘቱ ወይም መቆጣቱ! ቤተ መቅደስ ከሠራህለትና ክብረ በዓሉን ካከበርክለት ውሃው ይመጣል። የጥንት ግብፃውያን ጎርፉን ከአማልክት ጋር ያያይዙ ስለነበር እምነታቸውን ማሳየቱ ነውር የለውም። ነገር ግን ጨዋታው እምነቱን የሚያሳየው የሰዎቹ እምነት ነው ብሎ አይደለም፤ የወንዙ አሠራር አድርጎ ነው። ወንዙ ከስክሪኑ ጠርዝ ይገባል፣ ከጠርዙ በላይ ምንም የለም።

ከጠርዙ በላይ ያለነው እኛ ነን። በአንድ ኮምፒውተር ፊት ከጎጃም የመጣ፣ ከጋምቤላ የመጣ፣ ከማላካል የመጣ ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም በኢትዮጵያ ደጋ የሚዘንበው ዝናብ ነው ያንን ጎርፍ የሚሠራው። አስዋን ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከዚያው ደጋ በአባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል የሚወርድ ነው። ባሮ ጋምቤላን አልፎ ሶባት በሚባለው ወንዝ በኩል ነጭ አባይ ውስጥ ይገባል። ከደቡብ የሚመጣው ውሃ ግማሽ ያህሉ በደቡብ ሱዳን በሱድ ረግረግ ተንኖ ይቀራል፤ የተረፈው ግን ዓመቱን ሙሉ ሳይዋዥቅ ስለሚፈስ በበጋ ወንዙን የሚያቆየው እሱ ነው። ግንድ ይዞ ይዞራል የተባለለት አባይ በነሐሴ ምን ያህል እንደሚደፈርስ ያየ ልጅ፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ጥቁር አፈር ከየት እንደተነሣ ለመገመት ኦሲሪስ አያስፈልገውም። እንዲያውም ያ ዓመታዊ ጎርፍ በግብፅ ዛሬ የለም፤ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ከተጠናቀቀ ወዲህ ቀርቷል። ይህንንም ከጨዋታው አታገኙትም።

ስለዚህ ጨዋታውን የምታስከፍቱ መምህራን የናይልን ተፋሰስ ካርታ ከስክሪኑ አጠገብ ስቀሉ። እኛ እንዲህ አድርገን ነው የጂኦግራፊውን ክፍለ ጊዜ ያዳንነው። በዚያው አጋጣሚ የግብፃውያን ዓመት አሥራ ሁለት የሠላሳ ቀን ወራትና አምስት ትርፍ ቀኖች እንደነበሩት ስንነግራቸው፣ ኢትዮጵያውያኑ ልጆች «ጳጉሜን!» ብለው ጮኹ። ልክ ናቸው፤ የእኛ አቆጣጠር በቅብጦች በኩል ከዚያው የመጣ ነው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ሰዎቹ ነው። የቤት ቦታ ስትመሩ ሰፋሪዎች ከማያው ጠርዝ ዕቃቸውን ይዘው ይመጣሉ። በጨዋታው ቦታው ይቀድማል፣ ሰው ይከተላል። ካኩማ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲጀመር እንዲያ አልነበረም፤ ሰው ቀደመ፣ ቧንቧው በኋላ መጣ። ይሁን፣ ይህ ቀላሉ ነው። ከተማው ሲከፋ ደግሞ ሰዎቹ ጓዛቸውን ይዘው በዚያው መንገድ ይወጣሉ፣ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ ይጠፋሉ። ለአስተዳዳሪው የሕዝቡ ቁጥር ይቀንስበታል፣ በቃ። በማውዝ ብትነኳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ እሱም ቢሆን ከተማው ምን እንደጎደለው ለገዢው ማሳወቂያ ነው እንጂ ስለራሳቸው አይደለም። አንድ ልጅ ማውዙን ይዞ «ወዴት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀ። ጨዋታው መልስ የለውም። በክፍሉ ውስጥ የነበርነው ግን ሁላችንም ከዚያ ጠርዝ ማዶ ያለን ሰዎች ስለሆንን ጥያቄውን ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። ለሳምንቱ ጽሑፍ ሰጠናቸው፦ ከወጡት ሰዎች አንዱን ምረጡና ከጠርዙ በኋላ ያለውን አንድ ገጽ ጻፉ። በዓመቱ ከተቀበልናቸው የተማሪ ጽሑፎች የተሻሉት እነዚህ ናቸው። አንዱ ልጅ የጻፈው ስለ ጋሪው ብቻ ነው፤ ምን እንደተጫነበት፣ ምን እንደተተወ።

«ጨዋታ ጊዜ ያባክናል» የሚሉት ባልደረቦቻችን ሶሊቴርና የተኩስ ጨዋታን በተመለከተ እውነት አላቸው። ይህኛው ግን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይገባዋል እንላለን፤ መምህር አጠገብ እስካለ ድረስ። ልጆቹን ብቻቸውን ከተዋችኋቸው ሕዝቡን እንደ ጆንያ መቁጠር ነው የሚማሩት። እኛ ሁለቱ ተማሪዎች ሲጫወቱ ሁለቱ እንዲመዘግቡ አድርገናል፦ ምን ተሠራ፣ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ለምን። በየሃያ ደቂቃው ይለዋወጣሉ።

የመጫኛው ፋይል በመምህራን ክፍል ኮምፒውተር ውስጥ ስሙ ተጽፎበት ተቀምጧል። የሚፈልግ መምህር ባዶና የተፈተሸ ፍላሽ ይዞ ከሰዓት በኋላ ይምጣ፤ ጠዋት ጠዋት ማሽኑ የፈተና ወረቀት ይተየብበታል።